«ቴክ»ን በጣና ዳር መልመድ፦ ከእንግዳ ጋር ለሚሠሩ ሰዎች

ባሕር ዳር ላይ ጀልባ የሚነዳ፣ ገዳም የሚያስጎበኝ ወይም ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚያቀርብ ሰው በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚያስፈልገው የእንግሊዝኛ ግስ «ቴክ» ነው። እንግዳን ዘጌ ማድረስ፣ ጫማ ማስወለቅ፣ ፎቶ ማንሳት፣ መንገዱ ምን ያህል እንደሚፈጅ መናገር፣ ትእዛዝ መቀበል፣ ሁሉም በዚህ ግስ ይነገራል። በእኛ ቋንቋ ግን እያንዳንዱ የራሱ ግስ አለው፤ ጫማ ይወለቃል እንጂ አይወሰድም፣ ፎቶ ይነሳል፣ መንገድ ጊዜ ይፈጃል። «ቴክ ማለት መውሰድ» ብሎ ብቻ የተማረ ሰው እንግዳው ፊት ሲቆም የሚቸግረው ለዚህ ነው።

መዝገበ ቃላት ላይ ያለውን ረጅም ዝርዝር መሸምደድ ብዙ አያራምድም። የማምንበት መንገድ ግሱን ከሥራው ጋር፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልመድ ነው። ስለዚህ መመሪያው የአንድን የሥራ ቀን መንገድ ይከተላል፤ ከባሕር ዳር የጀልባ መነሻ ተነስቶ ዘጌ ይደርስና ለምሳ ይመለሳል። እንግሊዝኛውን በፊደላችን ጽፌዋለሁ፤ ድምፅ እያወጣችሁ አንብቡት።

1. «ወሰደ»ን ለጊዜው አቆዩና «ያዘ» በሉ

ቃሉ ለእንግሊዞች መጤ ነው። ቫይኪንግ የሚባሉት የስካንዲኔቪያ ሰዎች በመርከብ ሄደው እንግሊዝ ውስጥ ሲሰፍሩ ይዘውት ገቡ። እነሱ «ታካ» ይሉት ነበር፤ ትርጉሙም መጨበጥ፣ በእጅ መያዝ ነው። እንግሊዞች ከዚያ በፊት «ኒማን» የሚል የራሳቸው ግስ ነበራቸው፤ የጀርመኖቹ «ኔመን» ዘመድ ነው። መጤው ቃል ቀስ በቀስ ቦታውን ያዘና የጥንቱ ከአገልግሎት ወጣ። ይህን የማነሳው ለሥራችን ስለሚጠቅም ነው፤ የቃሉ ሥር መያዝ ስለሆነ የእኛ «ያዘ» ብዙ ቦታ ላይ ከ«ወሰደ» ይልቅ ይገጥመዋል። እነዚህን ተመልከቱ፦

«ቴክ ማይ ሃንድ።» እጄን ይያዙ።
«ሌትስ ቴክ ኤ ባጃጅ።» ባጃጅ እንያዝ።
«ዚስ ቦት ቴክስ ቴን ፒፕል።» ይህች ጀልባ አሥር ሰው ትይዛለች።
«ኢዝ ዚስ ሲት ቴክን?» ወንበሩ ተይዟል? ሰው አለው?
«ዩ ካን ቴክ ኖትስ።» ማስታወሻ መያዝ ይችላሉ።

በአምስቱም ላይ አማርኛው «ያዘ» ነው፣ እንግሊዝኛውም «ቴክ»። ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ ቀላል ነው። እንግዶችን ወደ ጀልባ ስታሳፍሩ እጃችሁን ዘርግታችሁ «ቴክ ማይ ሃንድ፣ ፕሊዝ» በሉ። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎን የሚለይበት ቅርጽ የለውም፤ አክብሮቱን የሚሸከመው «ፕሊዝ» ነውና አትርሱት። ዓረፍተ ነገሩን እጃችሁ እየሠራ ስትሉት አብሮ ይለመዳል።

2. ቅርጹንና ድምፁን አስተካክሉ

ዛሬ «ቴክ»፣ ትናንት «ቱክ»፣ ተፈጽሞ ያለፈ ከሆነ «ሃቭ ቴክን»። እሱ ወይም እሷ ሲሆን «ቴክስ»፣ በመካሄድ ላይ ሲሆን «ቴኪንግ»። «ቴክድ» የሚባል የለም። «ዲድ» ካለ ግሱ ወደ መጀመሪያው ቅርጹ ይመለሳል፦ «ዲድ ዩ ቴክ ዘ ቦት?»

ስለ ድምፁ ሁለት ነገር ብቻ። «ቴክ» ሲባል አናባቢው መጨረሻው ላይ ወደ «ይ» ዘንበል ይላል። «ቱክ» ደግሞ አጭር ነው፤ ከንፈርን አስፍቶና አርዝሞ «ቶክ» ካሉት መናገር የሚለው ቃል ይሆናል። «አይ ቱክ ዘም ቱ ዘጌ» ብላችሁ ዘጌ አደረስኳቸው ለማለት ስትፈልጉ እንግዳው ያነጋገራችኋቸው ሊመስለው ይችላል።

3. አቅጣጫውን ቆማችሁ ለዩ

እዚህ ላይ «ወሰደ» ይመለሳል። ከምንነጋገርበት ቦታ እየራቀ የሚሄድ ከሆነ «ቴክ»፣ ወደምንነጋገርበት ቦታ የሚመጣ ከሆነ «ብሪንግ»። የእኛው ውሰድና አምጣ ነው፤ በአማርኛ የማትሳሳቱትን በእንግሊዝኛ የምትሳሳቱበት ምክንያት የለም። ሆኖም ወደቡ ላይ «አይ ዊል ብሪንግ ዩ ቱ ዘጌ» ሲባል ይሰማል። «ዘጌ አመጣዎታለሁ» እንደማለት ነው። ባሕር ዳር ላይ ቆማችሁ እንዲህ በሉ፦

«አይ ዊል ቴክ ዩ ቱ ዘጌ፣ ኤንድ አይ ዊል ብሪንግ ዩ ባክ ሂር።» ዘጌ እወስድዎታለሁ፣ ወደዚህም መልሼ አመጣዎታለሁ።

ዘጌ ከደረሳችሁ በኋላ ግን ባሕር ዳር ሩቁ ቦታ ስለሆነ ግሱ ይቀየራል፦ «ናው አይ ዊል ቴክ ዩ ባክ ቱ ባሕር ዳር።» ተመሳሳይ ጉዞ፣ ተመሳሳይ ጀልባ፣ የተለወጠው የቆማችሁበት መሬት ነው። ይህን ወረቀት ላይ ከማጥናት ሁለቱም ወደብ ላይ አንድ አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ መናገር ይሻላል።

ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ነው። ለሴት እንግዳ ይህን ሲነግሩ አማራጩን አያይዞ መናገር ጨዋነት ነው፦ «ዊመን ካኖት ኤንተር ክብራን፣ በት አይ ካን ቴክ ዩ ቱ እንጦስ።» ጀልባዋ ከተነሳች በኋላ ከምትሰማው ገና ባሕር ዳር ሳላችሁ ብትሰማው ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ ስለ ሻንጣ። «ካን አይ ቴክ ዮር ባግ?» ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ የሆቴል ሠራተኛ በር ላይ ሲለው ያምራል። መናኸሪያ ላይ ከማያውቀው ሰው የሰማ መንገደኛ ግን ሻንጣውን ሊወስዱበት መስሎት ሊደነግጥ ይችላል። እዚያ «ካን አይ ሄልፕ ዩ ዊዝ ዮር ባግ?» በሉ።

4. ጊዜን ስትናገሩ «ኢት»ን አትጣሉ

ይህ ክፍል ብዙ ልምምድ ይፈልጋል፤ እንግዳ ከዋጋ ቀጥሎ የሚጠይቀው ጊዜን ነውና። በአማርኛ «አንድ ሰዓት ይፈጃል» እንላለን፤ ባለቤቱ በግሱ ውስጥ ስላለ ሌላ ቃል አያስፈልግም። ይህ ልማድ ሲሻገር «ዋን አወር ቴክስ» ይሆናል፤ ሰዓቱ ራሱ አንድ ነገር የወሰደ ያስመስላል። እንግሊዝኛ ባለቤት ይፈልጋል፤ ከሌለ «ኢት» ይቆማል፦

«ኢት ቴክስ አባውት አን አወር ቱ ዘጌ።» እስከ ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

«ይፈጅብናል» ስንል «ብን» የተባለውን ሰው ከግሱ ቀጥሎ ያለምንም ተያያዥ ቃል አስገቡት፦ «ኢት ቴክስ አስ አን አወር።» «ቱ አስ» ወይም «ፎር አስ» እዚህ አይገባም። የምታውቁት ነገር ራሱ ባለቤት ከሆነ ደግሞ «ኢት» አያስፈልግም። ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ከባሕር ዳር ሩቅ ናት፤ «ናርጋ ቴክስ ዘ ሆል ደይ» ብትሉ ጉዞው ሙሉ ቀን ይጠይቃል ማለታችሁ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል፣ ጀልባም ይዘገያል፤ ያንን ቀድማችሁ ንገሩ፦ «ኢን ዚ አፍተርኑን ኢት ቴክስ ሎንገር።»

«ይፈጃል» እና «ይቆያል»ንም ለዩ። መንገድና ሥራ ይፈጃል፣ እሱ «ቴክስ» ነው። ቅዳሴ፣ ዝናብ፣ ስብሰባ ይቆያል፣ እሱ «ላስትስ» ነው። «ዘ ሰርቪስ ላስትስ ቱ አወርስ» ማለት ቅዳሴው ሁለት ሰዓት ይቆያል ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ከባድ ጉዳይ አለ። በአማርኛ «ሁለት ሰዓት ይፈጃል» እና «ሁለት ሰዓት ላይ እንነሳለን» ስንል «ሰዓት» አንድ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ የርዝመቱ «አወርስ»፣ የቀጠሮው «ኦክሎክ» ነው። ቀጠሮው ላይ ደግሞ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ፤ የእኛ የጠዋት ሁለት ሰዓት የእነሱ ስምንት ነው። ርዝመት ላይ ግን ምንም አይደመርም። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ተለማመዱት፦ «ዊ ሊቭ አት ኤይት ኦክሎክ፣ ኤንድ ኢት ቴክስ ዋን አወር።» ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እንነሳለን፣ አንድ ሰዓት ይፈጅብናል። ጀልባ ያመለጠውን መንገደኛ ማጽናናት ከባድ ነውና ይህን ዓረፍተ ነገር ከሌሎቹ አስበልጣችሁ አጥኑት።

5. ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ፦ ማውለቅ

ዘጌ ላይ ከጀልባ ወርደው በቡናው ጫካ ውስጥ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲወጡ በዕድሜ የገፋ እንግዳ ይደክመዋል። «ቴክ ዮር ታይም» በሉት፤ አይቸኩሉ፣ ቀስ ብለው ይምጡ ማለት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ካሉት አነጋገሮች ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ በሦስት ቃል ሰውን ያሳርፋል። ቁጭ ማለት ከፈለጉ «ሌትስ ቴክ ኤ ብሬክ»፣ ትንሽ እንረፍ።

ደጃፉ ላይ ጫማ ይወለቃል። «ቴክ» ላይ «ኦፍ» ሲጨመርበት ማውለቅ ይሆናል፦ «ፕሊዝ ቴክ ኦፍ ዮር ሹዝ።» «ፕሊዝ ቴክ ዮር ሹዝ ኦፍ» ቢባልም ያው ነው። ነገር ግን «ጫማዎን» በማለት ፈንታ «ያውልቋቸው» ስትሉ «ዘም» የግድ መሃል ይገባል፦ «ቴክ ዘም ኦፍ።» «ቴክ ኦፍ ዘም» ስህተት ነው። ይህ ሕግ ለባርኔጣም፣ ለመነጽርም ይሠራል፤ ባርኔጣ አንድ ስለሆነ «ቴክ ኢት ኦፍ» ይሆናል። መልሶ መልበስ ወይም መጫማት «ፑት ኦን» ነው፤ እዚያም «ፑት ዘም ኦን»።

«ቴክ ኦፍ» ዕቃ ሳይከተለው ብቻውን ሲቆም ሌላ ነው፤ አውሮፕላን መነሳቱን ይናገራል። «ዘ ፕሌን ቴክስ ኦፍ አት ናይን»፤ በእኛ ሦስት ሰዓት ይነሳል።

6. ፎቶ

እዚህ ጋ ቆይታችሁ ሥሩ፤ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ የጠራ ነው። እኛ ፎቶን በሁለት ግስ እንከፍለዋለን፤ ካሜራ የያዘው ያነሳል፣ ፊት ለፊት የቆመው ይነሳል። «ዑራ ኪዳነ ምሕረት ፎቶ ተነሳሁ» ያለ ሰው ራሱ ፎቶው ውስጥ አለ። «ዊዝ» ካልተከተለው «ቴክ» የአንሺው ነው። «አይ ቱክ ኤ ፎቶ» ካላችሁ ካሜራውን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። ተነሺ ከነበራችሁ «አይ ሃድ ማይ ፎቶ ቴክን» ማለት ያስፈልጋል።

ልዩነቱን የሚሸከሙት ትንንሾቹ ቃላት ናቸው፦

«ካን አይ ቴክ ኤ ፎቶ ኦፍ ዩ?» ፎቶ ላንሳዎት?
«ካን አይ ቴክ ኤ ፎቶ ዊዝ ዩ?» ከእርስዎ ጋር ፎቶ ልነሳ?
«ካን አይ ቴክ ኤ ፎቶ ፎር ዩ?» ፎቶ ላንሳልዎት?

ሦስተኛው የአስጎብኚ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ልዎት» የምትለዋ ቁራጭ በ«ፎር ዩ» ትተረጎማለች። እንግዳው ስልኩን ይሰጣችኋል፣ ሐይቁን ከኋላው አድርጋችሁ ታነሱለታላችሁ።

ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች በተመለከተ ቀድማችሁ ካህኑን ጠይቁ፤ ከተፈቀደ «ዩ ካን ቴክ ፎቶስ፣ በት ኖ ፍላሽ፣ ፕሊዝ» በሉ። የካሜራ ብልጭታ ለቆዩ ቀለማት አይበጅም።

ታንኳ የሚቀዝፉ አባት ሲያልፉ እንግዳዋ ካሜራዋን ብታነሳ አስቁሟትና አስፈቅዱ። በአማርኛ «አባባ፣ ይቺ እንግዳ ፎቶ ላንሳዎት ትላለች፣ ይፈቅዳሉ?» በሉ። ከፈቀዱ ለእሷ «ዩ ካን ቴክ ሂዝ ፎቶ»፣ ካልፈቀዱ «ሂ ሴዝ ኖ፣ ሶሪ» ብላችሁ አቋርጡ። የደንገል ታንኳ የቀዘፉ ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው፤ መልካቸውም የራሳቸው ነው።

7. ገበታ ላይ፦ «እንኩ» «ቴክ» አይደለም

ተመልሳችሁ ሐይቁ ዳር ለምሳ ተቀምጣችኋል። አስተናጋጅ ሆናችሁ እንግዳውን ስትቀበሉ «ፕሊዝ ቴክ ኤ ሲት»፣ ይቀመጡ። ከዚያ «ካን አይ ቴክ ዮር ኦርደር?»፣ ምን ልታዘዝ? እስከዚህ «ቴክ» ቦታው ነው።

ሰሃኑን ይዛችሁ ስትመጡ ግን ተጠንቀቁ። በአማርኛ ለሰው ነገር ስንሰጥ እንካ፣ እንኪ፣ እንኩ እንላለን። እንግሊዝኛ ሲሆን ብዙዎች ይህን «ቴክ» ይሉታል፤ በባዶው ሲቆም ግን ትእዛዝ ነው፣ ሻካራም ነው። የ«እንኩ» ትክክለኛ ምትክ «ሂር ዩ አር» ነው። የተጠበሰ ቆሮሶም ብታቀርቡ፣ የዘጌ ቡናም ብትሰጡ፣ መልስ ገንዘብም ብትመልሱ «ሂር ዩ አር»። «ሄልፕ ዮርሰልፍ» ደግሞ እንደፈለጉ ያንሱ ማለት ነው፤ ቡና ላይ ቆሎና ዳቦ ስታቀርቡ ይስማማል።

ስለ ስኳር ሲጠየቅ «ቴክ» ጥሩ ነው፦ «ዱ ዩ ቴክ ሹገር?» ስኳር ያደርጋሉ? ለመብላትና ለመጠጣት ግን «ሃቭ» ይሻላል፤ «አይ ዊል ሃቭ ኮፊ»። ሒሳብ ላይ እንግዳው «ዱ ዩ ቴክ ካርድስ?» ካለ ካርድ ትቀበላላችሁ ወይ ማለቱ ነው፤ ካርዱን ልትወስዱበት ነው ብሎ አይደለም።

እንግዳ ቢታመምባችሁ መድኃኒት «ቴክ» እንጂ «ድሪንክ» አይባልም። እኛ መድኃኒት ጠጣ ስለምንል ስህተቱ በቀላሉ ይመጣል። «ሃቭ ዩ ቴክን ኤኒ መዲስን?»፣ መድኃኒት ወስደዋል? ሐኪም ዘንድ ከማድረሳችሁ በፊት መልሱን ያዙ፤ ሐኪሙም ይጠይቃችኋል።

8. የቀሩት፣ በአጭሩ

«ቴክ ፕሌስ» ይከበራል፣ ይካሄዳል ነው፤ ለታሰበበትና ቀን ለተቆረጠለት ነገር። «ጥምቀት ቴክስ ፕሌስ ኢን ጃንዋሪ።» ጥር 11 በእነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 19 ነው፣ የእነሱ ዓመት 366 ቀን ሲኖረው 20። ለአደጋና ለድንገተኛ ነገር «ሃፕን» በሉ።

«ቴክ ኦቨር» ቦታን ወርሮ መያዝ ነው። ስለ እምቦጭ ሲጠይቋችሁ «ኢት ሃዝ ቴክን ኦቨር ፓርትስ ኦፍ ዘ ሾር» ብትሉ አረሙ የዳርቻውን አንዳንድ ቦታ ወርሮታል ማለት ነው። የአካባቢው ሰው በእጁ እየነቀለ ማውጣቱ ደግሞ «ቴክ አውት»፦ «ፒፕል ቴክ ኢት አውት ባይ ሃንድ።» ይህን ለእንግዳ መንገር ይገባል፤ ሐይቁን እያየ ነውና የሚኖሩበት ሰዎች ምን እየደከሙለት እንደሆነ ይወቅ።

«ቴክ ኬር» ሲለያዩ ደህና ይሁኑ ነው። ጀልባ ላይ አንድ ሰው ሊንሸራተት ሲል ግን «ኬርፉል!» ብሎ መጮህ ይፈጥናል። «ቴክ ኬር ኦፍ» መንከባከብ ነው፤ «አይ ዊል ቴክ ኬር ኦፍ ኢት» ደግሞ ለእኔ ይተዉት፣ እኔ እጨርሰዋለሁ። እንግዳ ሲጨነቅ ይህን ብላችሁ ከዚያ በእውነት መጨረስ ነው።

«ቴክ አድቫንቴጅ ኦፍ» ሁለት ፊት አለው። ከተራ ነገር ጋር ሲሆን መጠቀም ነው፤ «ቴክ አድቫንቴጅ ኦፍ ዘ ጉድ ዌዘር»፣ በጥሩው አየር ተጠቀሙ። ከሰው ጋር ሲሆን መበዝበዝ፣ የዋህነቱን መጠቀሚያ ማድረግ ነው። በማስታወቂያ ወረቀት ላይ «ቴክ አድቫንቴጅ ኦፍ አወር ጋይድስ» ብላችሁ እንዳትጽፉ።

«ቴክ አፍተር» መልክን ወይም ጠባይን ከወላጅ ማግኘት ነው፤ «ሺ ቴክስ አፍተር ኸር መዘር»፣ እናቷን ትመስላለች። ሻወርን በተመለከተ አሜሪካኖች «ቴክ»፣ እንግሊዞች «ሃቭ» ይላሉ፤ ሁለቱንም ይረዳሉ።

9. ልምምዱ

ትንሽ ደብተር አዘጋጁ። ገጹን ለሁለት ክፈሉት፣ በግራ ሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ በቀኝ እንግሊዝኛውን። ብቻውን የቆመ «ቴክ» አትጻፉ፤ ሁልጊዜ ከጓደኛው ጋር ይሁን፤ ከጫማ፣ ከፎቶ፣ ከሰዓት፣ ከወንበር ጋር። የአማርኛውን ግስ በቀይ አስምሩበት፦ አውልቁ፣ ላንሳ፣ ይፈጃል፣ ተይዟል። ቀዩን ስታዩ «ቴክ» ይታወሳችሁ።

ከዚያ ቀኝ ዓምዱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ከላይ ወደ ታች ተናገሩ። ሁለት ሆናችሁ ብትሠሩ ይበልጣል፤ አንዱ እንግዳ ይሁን፣ አንዱ አስጎብኚ። እንግዳ የሆነው ሆን ብሎ ይጠይቅ፦ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ጫማዬን ላውልቅ? ከእርስዎ ጋር ፎቶ ልነሳ? ካርድ ትቀበላላችሁ? ቦታ ተለዋወጡና ድገሙት።

መልሳችሁን በስልክ ቅዱትና አዳምጡ። የምታዳምጡት ለሦስት ነገር ነው፦ «ኢት» አለ ወይስ ተረስቷል? «ዘም» መሃል ገብቷል ወይስ መጨረሻ ቀርቷል? «ቱክ» አጭር ነው ወይስ «ቶክ» ሆኗል? የተሳሳተውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አዲስ ገጽ ላይ ገልብጡት፤ በማግስቱ ጠዋት ጀልባዋ ነዳጅ እስክትሞላ ድረስ የምትለማመዱት እሱን ነው።